መወርወሪያው ከገባ በኋላ
በሰሜን ተራሮች ግርጌ ብቻቸውን የሚያድሩ አረጋውያን፣ ፍርሃታቸውና ራሳቸውን የሚጠብቁበት መንገድ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ የግማሽ ሰዓት እርምጃ ገባ ብሎ በሚገኝ መንደር አክስቴ ይኖራሉ። ከመነኮሱ ወዲህ ልጅ አዋቂው «እማሆይ» ነው የሚላቸው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ ሦስት ሌሊት አደርኩ። በመጀመሪያው ቀን ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የማታ ሥራቸውን ጀመሩ። ዶሮዎቹን ወደ ቆጥ አወጡ፣ ጥጃዋን ከቤት አስገቡ፣ ውሻውን ፈቱ። ውኃ መጠጣት ያቆሙት ገና ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ሌሊት ለሽንት ወደ ደጅ መውጣት አይፈልጉም። ከዚያ ሳንቃውን ዘጉ፤ መወርወሪያውን አስገቡ፤ ሙቀጫውን እያንከባለሉ አምጥተው ከበሩ ሥር አስጠጉት፤ በላዩ ላይ ባዶ ጣሳ አኖሩ። ዘነዘናውን ከመደባቸው ራስጌ አቆሙት።

«እማሆይ፣ ሙቀጫው ሌባ ያቆማል?» አልኳቸው።

«ምን ያቆመዋል ልጄ! ገፍቶት እስኪገባ ግን አንዴ እሪ ለማለት ፋታ ይሰጠኛል።»

ያቺ አንዲት እሪታ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። የእማሆይ መከላከያ ሁሉ የተደገፈው በእሷ ላይ ነው። ውሻው፣ ሙቀጫው፣ ጣሳው፣ ሁሉም ለእሪታዋ ጊዜ ለመግዛት የቆሙ ናቸው። ታዲያ እሪታዋን ማን ይሰማታል? ሰምቶስ ማን ይወጣል?

በር የሚባል አገር

በዚህ አገር «በር» የሚለው ቃል የቤት መግቢያ ብቻ አይደለም። በሁለት ገደል መካከል ያለ ጠባብ ማለፊያም በር ይባላል። ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ መንገደኛ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚያገኘው ሰፈር ስሙ ሳንቃ በር ነው። ከደባርቅ በስተሰሜን ደግሞ መንገዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርዳል። በሩን የያዘ አገሩን ይይዛል ይባል በነበረበት ዘመን፣ የሰሜን ሰው ገደሉን እንደ አጥር፣ ማለፊያውን እንደ መወርወሪያ ይቆጥረው ነበር።

ይሁን እንጂ ገደሉ ሠራዊትን አዘገየ እንጂ የባላገሩን ቤት አላዳነም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ የነገሡት ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ነበር። መሳፍንቱ ሲጣሉ የሚዘምተው ሠራዊት ስንቁን ከገበሬው ጎተራ ያወጣ ነበርና፣ ድል የማንም ቢሆን የሚከፈተው የገበሬው በር ነው። ቴዎድሮስ ራሳቸው ወታደሩን በደመወዝ ለማኖር የሞከሩት ይህ መከራ አገር ስላስመረረ ነው። የታጠቀ ሰው በሌሊት ገብቶ «አምጡ» ሲል የሚሰማው ፍርሃት ትናንት የመጣ አይደለም፤ አያቶቻችን ከአያቶቻቸው ወርሰውታል።

ማን ነው የሚመጣው?

እማሆይንና ጎረቤቶቻቸውን ስለሚፈሩት ነገር ስጠይቅ የሚመጣውን ሰው በሦስት ይከፍሉታል።

የመጀመሪያው ሰርሳሪው ነው። ግድግዳ ፈልፍሎ፣ ወይም ሳንቃውን ከማጠፊያው ነቅሎ ይገባል። የሚፈልገው በግ፣ እህልና ገንዘብ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው፤ ድሮም የሚያውቁት ጠላት ነው።

ሁለተኛው አጋች ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጎንደር አካባቢ ሰውን ወስዶ በገንዘብ መልቀቅ ተስፋፍቷል። በ2016 ዓ.ም. መገባደጃ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ታግታ ስትገደል ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አልቅሷል። አረጋውያኑ በዚህ ነገር ላይ የሚፈሩት ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ወደ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄደ ልጅ ያለው ሽማግሌ፣ ልጁ የላከለት ገንዘብ ሌላ ሰው ዘንድ ወሬ ሆኖ እንዳይደርስ ይሠጋል። ስለዚህ አዲስ ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተወ አለ። የቤቱን ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ መቀየር የፈራም አለ።

ሦስተኛው የታጠቀው ሰው ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በዳባት ወረዳ ጭና ገቡ። ሂውማን ራይትስ ዎች የነዋሪዎችን ቃል ሰብስቦ ባወጣው ዘገባ፣ እስከ ነሐሴ 29 ድረስ በነበሩት አምስት ቀናት 26 ሲቪሎች ከፍርድ ውጭ በ15 የተለያዩ ክስተቶች መገደላቸውን መዝግቧል፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት የተናገሩት ቁጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ጭና ከእማሆይ መንደር ሩቅ አይደለም። በዚያ ሳምንት ወደ ጫካ መሸሽ የቻለ ሸሸ፤ ጉልበቱ የደከመው ከቤቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ላሉ አረጋውያን «ቤት ውስጥ ነኝ» ማለት «ደህና ነኝ» ማለት መሆኑ አበቃ። ይህ ቁስል ሳይሽር ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ሌሊቱ እንደገና የተኩስ ሌሊት ሆነ። በጨለማ በሩን የሚመታው ታጣቂ የማን ወገን እንደሆነ ከውስጥ ያለው ሰው አያውቅም። እማሆይ በጣም የሚፈሩት ይህንን ነው። «ሌባ ቢሆን እጮህበታለሁ፤ የታጠቀ ከሆነ ግን መጮኼ ራሱ ያስገድለኝ ይሆናል» ይላሉ።

ጠመንጃ ከራስጌ

ጎንደር ጠመንጃን የሚያከብር አገር ነው። ከምንሽርና ከዲሞትፈር እስከ ክላሽ፣ መሣሪያ የወንድ ጌጥና የቤት ክብር ሆኖ ኖሯል። የተራሮቹ ፓርክ ሥርዓት ራሱ ይህን ይመስላል፤ ቱሪስት ወደ ሳንቃ በር ሲሄድ ከደባርቅ የታጠቀ ስካውት አብሮት ይወጣል። እንግዳውን ጠመንጃ ይዞ ሲጠብቅ የሚያድር የደባርቅ ሰው፣ የገዛ እናቱ ግን በዚያች ሌሊት ሙቀጫ አስደግፋ ታድራለች። ይህን ሳስብ ልቤ ይሰበራል።

የእማሆይ ልጅም አንድ ጊዜ ክላሽ ሊገዛ አስቦ ነበር። አልፈቀዱለትም። ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ በዕድሜ የተፈተነ ጥበብ ሰማሁ፦ «መሣሪያ አለ ከተባለ ለመሣሪያው ይመጣሉ።» እውነታቸውን ነው። የአንድ ክላሽ ዋጋ ከጥንድ በሬ በሚበልጥበት ገበያ፣ ጠመንጃ ከሚጠብቀው ንብረት በላይ ተፈላጊ ንብረት ነው። በግ ፈልጎ የማይመጣው ሰው ለእሱ ይመጣል። ለመጠቀም ደግሞ የሚያይ ዓይን፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ ከእንቅልፍ ቶሎ የሚነቃ አእምሮ ይጠይቃል። በጨለማ የሚያንኳኳው ልጅህ ወይም ጎረቤትህ ሊሆን ይችላል። ሕጉም ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል።

ሕጉ ፍርሃትን ያውቃል

ብዙ አረጋውያን ሌባን ቢመቱ መታሰራቸው አይቀሬ ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ ቤቴ የገባን ሰው ያሻኝን ባደርገው አልጠየቅም ይላሉ። ሁለቱም ስህተት ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ እንዲሆን፤ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል እንዲሆን፤ መከላከያውም ከአደጋው ክብደት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን። ሌባው በግ እየነዳ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ጥቃቱ በሰው ሕይወት ላይ መሆኑ ቀርቷልና፣ ከኋላው ተኩሶ መግደል በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። ልክ አልፎ የገደለ ሰው በአንቀጽ 541 እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ሊቀጣ ይችላል።

የእኔን ልብ የነካው ግን አንቀጽ 79 ነው። የመከላከልን ልክ ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንደሚቀልለት ይናገርና፣ ልኩን ያለፈው ጥቃቱ ባስከተለበት ይቅርታ ሊደረግለት በሚገባ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሹን ላይቀጣው እንደሚችል ያክላል። ሕጉ ፍርሃትን በስሙ ጠርቶ ቦታ ሰጥቶታል። ጎረምሳን አንድ ሰው ቢገፈትረው ተነስቶ ይቆማል፤ የሰማንያ ዓመት አሮጊትን ቢገፈትራት ዳሌዋ ይሰበራል፣ ከዚያ መደብ ላይም ላትነሳ ትችላለች። ስለዚህ በእኔ ንባብ የአደጋው ክብደት የሚመዘነው በሌባው ጡንቻ ብቻ ሳይሆን በተጠቂዋ አጥንትም ነው።

ሌላውም ዓለም በዚህ ጥያቄ ተቸግሯል። በእንግሊዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ቶኒ ማርቲን የተባለ ብቻውን የሚኖር ገበሬ ቤቱን ሊሰርቁ ከገቡት አንዱን፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ በጥይት ገደለ። በግድያ የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ቀለለ ጥፋት ተለወጠለትና በ2003 ተፈታ። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። በ2013 የወጣ ሕግ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው የተጠቀመው ኃይል እጅግ የተጋነነ እስካልሆነ ድረስ እንዲታገሱት ለፍርድ ቤቶች መንገድ ከፈተ። በዚያ አገርና በአሜሪካ የተደረጉ የወንጀል ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገርም አለ፦ አረጋውያን ከወጣቶች ይልቅ በወንጀል የሚጠቁት ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ የሚፈሩት ግን ይበልጥ ነው። ይህን «ከንቱ ፍርሃት» ያሉት ነበሩ። እማሆይ ሙቀጫ ሲያንከባልሉ ያየ ሰው ግን ከንቱ ሊለው አይችልም። አረጋዊ የሚፈራው የአደጋውን ብዛት አይደለም፤ አንዴ ከደረሰበት የማይነሳ መሆኑን ነው።

ደምና ነፍስ

በሰሜን ጎንደር ደግሞ ከዳኛው መዝገብ በኋላ ሌላ መዝገብ ይከፈታል። የሞተው ሌባ እናት፣ ወንድምና የአጎት ልጅ አለው። ፍርድ ቤት በአንቀጽ 78 ነፃ ያሰናበተውን ሰው ደም ነፃ አያሰናብተውም። የደም መላሹ ዓይን የሚያርፈው ሽማግሌው ላይ ላይሆን ይችላል፤ ከሞተው ጋር የሚመጣጠን ብርቱ ወንድ ልጁ ላይ ይሆናል። አንድ ሌሊት ቤቱን የጠበቀ አባት ልጁን ለዓመታት ከአገር ሊያሰድድ ይችላል። ይህን እሳት የሚያጠፋው ሽምግልና ነው፤ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው፣ የደም ካሳ ተቆርጦ፣ መሐላ ተምሎ እርቅ ይወርዳል። የአካባቢው አረጋውያን ስለ ራስ መከላከል ሲጠየቁ መልሳቸውን የሚያዘገዩት ከፍርሃት ብቻ አይደለም። ከዱላው በኋላ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድመው ያያሉ።

ነፍስም አለች። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ የሞተ ሌባ ደሙ እንደማይጠየቅ፣ ፀሐይ ከወጣችበት ግን እንደሚጠየቅ ተደንግጓል። የሌሊት ሌባ ለመስረቅ ይምጣ ለመግደል የቤቱ ባለቤት ማወቅ አይችልምና ልዩነቱ የገባቸው ሽማግሌዎች ይጠቅሱታል። እማሆይን ይህ አያጽናናቸውም። ቆባቸውን እየነኩ «እኔ ከዓለም ወጥቻለሁ፤ ሰው ገድዬ በምን አፌ እቆርባለሁ?» አሉኝ። ታዲያ ዘነዘናው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ «በሩን ልመታበት፤ ድምፅ እንዲሰማ» አሉ።

የመሸበት እንግዳ

ስለ እማሆይ ፍርሃት ሳስብ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ አገር ሌሊት በር መንኳኳት ድሮ ሌላ ትርጉም ነበረው። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ ያሳድሩኝ ይላል፤ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርባል፤ ስሙ እንኳ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። የአብርሃም ታሪክ በየቤቱ ይተረካል፦ ሰይጣን ከመንገድ ተቀምጦ እንግዶቹን ቢያስቀርበት፣ ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን ጾሞ ሲጠብቅ ሥላሴ በእንግዳ አምሳል ከድንኳኑ ደረሱ።

እማሆይ በዚህ እምነት አድገው በዚህ እምነት አርጅተዋል። አሁን ማታ ሲንኳኳ መብራት አጥፍተው ዝም ይላሉ። ጠዋት ሲነሱ ደግሞ «የእግዜር እንግዳ መልሼ እንደሆነስ?» እያሉ ይጨነቃሉ። ሌባው ምንም ሳይሰርቅ፣ በሩን ሳይነካ፣ ይህን ወስዶባቸዋል። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድንም ትተዋል፤ ጎሕ እስኪቀድ ከመደባቸው ተቀምጠው ለብቻቸው ያደርሳሉ።

እሪታው ለምን ዝም አለ?

ድሮ እሪታ የግል ጩኸት አልነበረም። እሪ ሲባል የሰማ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይወጣል፤ ያልወጣ ይጠየቃል፤ ምናልባትም የሌባው ተባባሪ ተብሎ ይጠረጠራል። ሌባው ካመለጠ ሰዉ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገር ነበር። መንግሥት በራቀበት ዘመን መንደሩ ጎበዝ አለቃውን መርጦ ሌሊቱን ተራ ገብቶ ይጠብቅ ነበር፤ በከተሞችም የሠፈር ሮንድ ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይሠሩ ነበር፦ ደካማው ሰው ጉልበት ባይኖረው፣ ድምፁ የመንደሩን ጉልበት ይጠራለት ነበር።

ዛሬ እሪታ የሰማ ጎረቤት መውጣት ይፈራል። በሌሊት ዱላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ለአንዱ ወገን የሌላው ወገን ታጣቂ ይመስላል። ወጣቱ ተሰዷል፣ ታጥቋል ወይም ሞቷል፤ በየቤቱ የቀሩት አሮጊቶችና ሕፃናት ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ ተነስተው ደባርቅ የሰፈሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ደግሞ ይህን በሌላ መንገድ ቀምሰውታል። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ገብስ እየዘሩ ሁሉም ሁሉንም በስሙ የሚያውቅበት መንደር ነበር። ብርዱና ድህነቱ ከባድ ነበር፤ ከተማው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አለው። ነገር ግን እዚያ አረጋዊው ኮቴ ሰምቶ ማን እንደሚያልፍ ያውቅ ነበር። ከተማ ውስጥ ኮቴው ሁሉ የባዕድ ኮቴ ነው።

ምን ይደረግ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሰላም ነው፤ ሌሊቱን ከሁሉም ታጣቂዎች ነፃ የሚያወጣ ሰላም። እስከዚያው ግን እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ።

እድራችን ሰው ሲሞት ለመቅበር የሚፈጥነውን ያህል በሕይወት ያሉትን ለማሳደር ይፍጠን። ብቻቸውን የሚያድሩትን በስም ይመዝግብ፤ ጠዋት ጠዋት በራቸው መከፈቱን የሚያይ ሰው በተራ ይመድብ። ዳባትና ደባርቅ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ተማሪዎች አሉ፤ ክፍል የተረፋቸው አረጋውያንም አሉ። ለአያት «አብሯት ይደር» ተብሎ የልጅ ልጅ መላክ የቆየ ልማዳችን ነውና፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው ሁለቱን ቢያገናኙ አንዷ ማደሪያ ታገኛለች፣ ሌላዋ የሰው ትንፋሽ። ነፍስ አባቶችም በርን አለመክፈት ከእግዜር እንግዳ ጋር መጣላት እንዳልሆነ ለእነዚህ እናቶች ቢነግሯቸው የጠዋቱን ጭንቀት ያቀሉላቸዋል። ከከተማና ከውጭ አገር ገንዘብ የምንልክ ልጆች ደግሞ ለእናታችን ክላሽ ከመግዛታችን በፊት፣ ከጎረቤቷ ጋር ያላትን ቅያሜ እናብርድ።

በሦስተኛው ሌሊት ውሻው አጥብቆ ጮኸ። ከመደቤ ቀና ስል እማሆይ ተነስተው ተቀምጠዋል። ዘነዘናውን አንስተው ሙቀጫውን ሦስት ጊዜ መቱት። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ፣ ባሏ ከሞተባት ጎረቤታቸው ቤት፣ ቆርቆሮ ሦስት ጊዜ ተመታ። ከእሷም ወዲያ፣ ከወንዙ አፋፍ፣ ሌላ ቆርቆሮ መለሰ። ሌላም ቀጠለ። አንድም በር አልተከፈተም፤ አንድም ሰው ወደ ጨለማው አልወጣም። ውሻው ግን ቀስ በቀስ ዝም አለ።

እማሆይ ዘነዘናውን ወደ ቦታው መለሱትና ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ። «ነቅተዋል» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ። በዚያ ሦስት ሌሊት ውስጥ ትንፋሻቸው ተረጋግቶ ሲያንቀላፉ የሰማሁት ያኔ ነው።